«ኃላፊ» በሚለው ባዶ ቦታ

ሰው ሁሉ ቁልፌ ይላታል። ስሙን ያወጣላት ባሏ ነው። ቤቱን ሠርቶ የጨረሰ ሰሞን፣ የአምስቱን ክፍሎች፣ የጓዳውን፣ የውጭውን በር፣ የቁም ሳጥኑን ሳይቀር ቁልፍ በአንድ ክር ሰብስባ ወገቧ ላይ ስታንጠለጥል አይቶ፣ «እሰይ! ከእንግዲህ የት እንዳለሽ ለማወቅ መጣራት ቀረልኝ» አላት። እውነቱን ነው። ደረጃ ስትወጣ፣ አንሶላ ስትዘረጋ፣ ጎንበስ ብላ ወለል ስትወለውል ቅጭል ቅጭል የሚል ድምፅ ይከተላታል። እንግዶቹም «እትዬ ቁልፌ መጣች» ይባባላሉ። ዋና ስሟን የሚያውቀው ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ብቻ ነው።

የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ከመሆኗ በፊት አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ አንሶላ አጥባለች። ፊደል የቆጠረችውም እዚያው ነው፤ በየልብሱ ላይ ከሚሰፋው መለያ ጨርቅ፣ አንዷን ፊደል ዛሬ፣ አንዷን ነገ እያለች። ባሏ ግንበኛ ነበር። ዕድሜውን የሰው ቤት ሲያቆም ኖሮ በመጨረሻ የራሱን አቆመ። መሬቱ መዳፍ የምታህል ናት፤ ሦስቱ ጎኗ በጎረቤት ግንብ የታጠረ። ታች ወጥ ቤት፣ የምግብ ክፍልና ልብስ ማጠቢያ አደረገባት፤ ላይ ደግሞ በአንድ ኮሪደር የተደረደሩ አምስት ክፍሎች። ለሁለተኛ ደረጃ ቦታ ስላልነበረ ወደ ላይ የሚያወጣው ደረጃ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እንደ መሰላል ቀጥ ያለ፣ መሐሉ ላይ ክርን የሚያስመታ መታጠፊያ ያለው።

አራቱ ክፍሎች የእንግዳ ናቸው። የኮሪደሩ ጫፍ ላይ ያለው አምስተኛው የራሳቸው ነው። ከቤቱ ሁሉ መንገዱን የሚያየው መስኮት ያ ብቻ ነው። ታችኛው ቤት ውስጥ የቆመ ሰው በየትኛውም መስኮት ቢያይ የጎረቤት ግንብ ነው የሚያየው።

የዛሬ ሦስት ዓመት የግንበኛው ደም ግፊት ተነሥቶ ቀኝ ጎኑን ወሰደው። ምላሱም ተያዘ። ሌላው ሰው ሲሰማው ቃላቱ እርስ በርሳቸው ይደባለቃሉ፤ ለቁልፌ ግን አንዱም አይጠፋባትም። ከሐኪም ቤት ሲመለስ «ወደ መስኮቴ» አለ፤ አራት ሰዎች ተሸክመው አወጡት፤ ከዚያ ወዲህ አልወረደም። አልጋው መስኮቱ ሥር ነው። ጠዋት ቁርሱን ካበላችው በኋላ ትራስ ደግፋ ታስቀምጠዋለች፣ እሱም የቀን ሥራውን ይጀምራል። ሥራው አላፊ አግዳሚውን ማየት ነው። ዳቦ ጫኙ አረፈደ፣ አስተማሪዋ አዲስ ጫማ ገዛች፣ ያ ረጅሙ ሰውዬ ዛሬም እያነከሰ ሄደ። ግራ እጁን ብድግ ያደርግላቸዋል፤ እነሱም ከታች ብድግ ያደርጋሉ። ማታ እራቱን ስታበላው የቀኑን ወሬ ይነግራታል። እሷ መንገዱን ቆም ብላ አይታ አታውቅም፤ ጊዜ የላትም። ግን መንገዱ ላይ የሚሆነውን ሁሉ ከእሱ አፍ ታውቃለች።

ለዚህ ሁሉ ቁልፌ በየጠዋቱ «ተመስገን» ትላለች። ለልማድ ብላ አይደለም። ያን ቀን በሐኪም ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ የለመነችው «ብቻ ይተንፍስልኝ» ብላ ነው፤ ይተነፍሳል።

ነገሩ የመጣው ከሌላ ሰው ቤት ነው። ሁለት መንደር ወዲያ ያለ፣ እንደሷው ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ተቃጠለ። ባለቤቲቱን ታውቃታለች፤ በዚያ ምድር ቤት ጎን ለጎን አንሶላ ያጠቡ ናቸው። ካውያ ተሰክቶ ተረሳ፣ መጋረጃው ያዘ፣ ከዚያ ጭሱ። ሰው ሁሉ እግሬ አውጪኝ ብሎ ወጣ። አንድ መንገደኛ ግን ከነሕልሙ ክፍሉ ውስጥ ቀረ። ቁልፌ ልታጽናናት ስትሄድ ሴትየዋ ደረቷን አልደቃችም፣ ፀጉሯን አልነጨችም። ቁጭ ብላ አንድ ነገር ብቻ ትደጋግማለች፦

«ሁሉም የወጣ መስሎኝ ነበር እኮ። የቆጠረ አልነበረም። አንድ ሰው ቢቆጥር ኖሮ…»

ከዚያ በኋላ ነው ለየማረፊያው ባለቤት ደብዳቤ የተበተነው፤ ተቆጣጣሪም ተላከ።

ወደ ቁልፌ የመጣው ቀጠን ያለ፣ ላቡን በእጅጌው የሚጠርግ፣ ያየውን ሁሉ የሚጽፍ ወጣት ነው። ትሑት ነው፤ ጫማውን ሳይጠርግ ስላልገባ ገና ከበሩ ወደደችው።

«እሳት ማጥፊያ አለዎት እትዬ?»

«አለኝ እንጂ! ባዶ እጄን የተቀመጥኩ መሰለህ?» ብላ ወደ ቁም ሳጥኑ መራችው። ሦስት ቁልፍ ሞክራ በአራተኛው ከፈተች። ቀዩ ሲሊንደር ራሷ የሠራችው ዳንቴል ለብሶ ቆሟል።

ወጣቱ ዳንቴሉን ገለጥ አድርጎ አየና «ለምን ተቆለፈበት?» አለ።

«እንዳይሰረቅብኛ! አንተ እንግዳ አታውቅም። ትራስ ሆዱ ላይ አስሮ እርጉዝ መስሎ የወጣ ወንድ አይቻለሁ እኔ።»

ሳቁን ዋጥ አድርጎ «እሺ፣ እሳት ቢነሣስ?» አላት።

«እከፍተዋለሁ።»

«የውጭውንስ በር?»

«እሱንም እከፍተዋለሁ። ቁልፉ ወገቤ ላይ አይደል?»

«ገበያ ሄደው ቢሆንስ?»

ቁልፌ ወደ ወገቧ አየች። በቀኝ እጇ ቁልፎቹን ጨበጠቻቸው። ሃያ ዓመት የቤቱ ጠባቂ አድርጋ የቆጠረቻቸው ነገሮች ናቸው፤ አሁን ግን ያቺን ሴት አስታወሷት።

በዚህ መሐል ከላይ ድምፅ መጣ። ወጣቱ ቀና ብሎ «ሰው አለ እንዴ?» አለ።

«ባሌ ነው።»

ተከትሏት ወጣ። አምስተኛው ክፍል ደርሶ ሰላምታ ሰጠ፣ ግድግዳውን በጣቱ መታ መታ አደረገ፣ በመስኮቱ ፍርግርግ ላይ የተበየደውን ብረት ነቀነቀ። ግንበኛው ከአልጋው ላይ አንድ ነገር አጉተመተመ።

«ምን አሉ?»

«ግድግዳዬን ለምን ትቀጠቅጠዋለህ፣ ዕዳህ አለበት ወይ ነው የሚልህ።»

ወጣቱ ሳቀ፤ ግንበኛውም በግማሽ ፊቱ ሳቀ። ከዚያ ወጣቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይራመዳሉ?» አላት። ቁልፌ በአሉታ ራሷን ነቀነቀች። እሱንም ጻፈ።

ሲሄድ ተሞልቶ የሚመለስ ቅጽ ትቶላት ሄደ። ቁልፌ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሞላችው። ስንት ክፍል? አምስት። ስንት መውጫ? አንድ። በራሱ መውጣት የማይችል ሰው አለ? እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀምጣ ተነሣች፣ ውሃ ጠጣች፣ ተመልሳ «አለ» ብላ ጻፈች። የመጨረሻው ጥያቄ ግን ምንም አላስጨነቃትም። «የማረፊያው የእሳት ደህንነት ኃላፊ» ይላል፤ ከጎኑ ባዶ ቦታ አለ። ቁልፌ ፊደሎቿን አሳምራ «ፈጣሪ» ብላ ሞላችው።

ቀልድ አልነበረም። ያን ቤት ሃያ ዓመት ከእሳት የጠበቀው ማን እንደሆነ ብትጠየቅ ሌላ መልስ የላትም። ማታ ለባሏ ስታነብለት ግን እስኪያስለው ሳቀ።

«አንቺን ነው'ኮ የሚጠይቁሽ። ኃላፊዋ አንቺ ነሽ።»

«እኔ ምን ኃላፊ ነኝ?»

«ኃላፊ ጠፊ» አላት፤ በራሱ ቀልድ እንደገና አሳለው፤ ጀርባውን እየደባበሰች «የት አባክ፣ አፈር አይንካህ» አለችው።

ተቆጣጣሪው በሳምንቱ ሲመለስ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጣቱን የመጨረሻው መስመር ላይ አሳረፈ።

«እትዬ፣ እዚህ ላይ የጻፉት…»

«ምነው፣ ፊደል ሳትኩ?»

«ፊደሉስ ልክ ነው። እኔም አምናለሁ፤ እናቴም ብትሆን ይሄንኑ ነበር የምትጽፈው። ግን እዚህ ጋ ፊርማ ይፈልጋል። አለቃዬን ምን ልበለው?»

ቁልፌ ሐፍረቷም ሳቋም አንድ ላይ መጣባት። «በል የኔን ስም ጻፍበት። እሱ እንደሆነ አይቆጣም።»

ወጣቱ ግን ብዕሩን አልሰጣትም። ኃላፊ ማለት ምን ማለት እንደሆነ መጀመሪያ ልንገርዎት አለ። ደወሉ ሲጮህ ኃላፊው የእንግዶችን መዝገብ ይዞ ይወጣል። ግቢው በር ላይ ይቆማል። ስም እየጠራ ይቆጥራል። የእሳት አደጋ ሰዎች ሲደርሱ «እገሌ እዚህ ክፍል ቀርቷል» ብሎ የሚነግራቸው እሱ ነው። እነሱ በቀጥታ ወደዚያ ይሄዳሉ።

«አንድ ነገር ደግሞ አለ» አለ። «ኃላፊው ከወጣ በኋላ ማንንም ላውጣ ብሎ ተመልሶ አይገባም።»

«ማንንም?»

«ማንንም። እሱ ከገባ ቆጣሪ የለም። ቆጣሪ ከሌለ ደግሞ… ሰምተዋል አይደል፣ እዚያ ማዶ የሆነውን?»

ሰምታለች። የሴትዮዋ ድምፅ አሁንም ጆሮዋ ላይ ነው።

በቀጣዮቹ ቀናት የታዘዘችውን ሁሉ አደረገች። እሳት ማጥፊያው ዳንቴሉን አውልቆ ኮሪደሩ ላይ ተሰቀለ። ጭስ ሲሸት የሚጮህ ነገር በየጣሪያው ተለጠፈ። የውጭው በር ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት መቀርቀሪያ ገባለት። የመስኮት ፍርግርጎቹም ተቆረጡ፤ መቁረጫው ሲጮህ የዋለ ቀን ግንበኛው፣ በእጁ የበየዳቸው ብረቶች ስለነበሩ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ዋለ።

ከዚያ ልምምዱ መጣ። ተቆጣጣሪው ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሰዓት መቁጠሪያውን ይዞ ግቢው ውስጥ ቆመ። የዚያን ቀን እንግዶች አራት ነበሩ፦ በሳምንት ሦስት ቀን የሚያድረው የጭነት መኪና ሹፌር፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ መነጽር የሚሸጥ ሰውዬ፣ ለሕክምና የመጡ እናትና ልጅ። አልጋ አንጣፊዋም አለች። ሁሉም ተነግሯቸዋል።

ደወሉ ጮኸ። መጀመሪያ እናትና ልጅ ወረዱ። መነጽር ሻጩ ሳጥኑን አቅፎ ደረሰ። «ሳጥን ይዞ መውጣት የለም!» ሲባል «ዓይን የሌለው ሰው እንዴት ይሸሻል?» አለ። ሹፌሩ በነጠላ ጫማ፣ ብርጭቆውን እንደያዘ ብቅ አለ።

«ብርጭቆውን ለምን ይዘህ ወጣህ?» አለችው አልጋ አንጣፊዋ።

«ሻዬ ይቃጠል እንዴ ታዲያ?»

ሳቁ። ተቆጣጣሪው አልሳቀም። ሁለት ደቂቃ አለ። ሦስት አለ። ቀና ብሎ አየ። «ኃላፊዋ የታሉ?»

ማንም አላያትም።

«እትዬ!» ብሎ ተጣራ። «እትዬ ቁልፌ! ይውረዱ እንጂ!»

ቁልፌ አምስተኛው ክፍል ውስጥ ናት። መዝገቡ ብብቷ ሥር ነው። ደወሉ ሲጮህ ወደ ታች ሁለት እርምጃ ወርዳ ነበር፤ በእውነት ወርዳ ነበር፤ ግን ሦስተኛው ደረጃ ላይ እግሯ ዞረ። አሁን አንድ እጇን ከባሏ ጀርባ ሥር አስገብታ አስቀምጣዋለች፤ እግሮቹን ከአልጋው አውርዳለች፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ስንዝር ማንቀሳቀስ አልቻለችም። ላቧ በአገጯ ይንጠባጠባል።

«ውረጂ» ይላታል። «ልምምድ'ኮ ነው! የሚነድ ነገር የለም። ውረጂ አንቺ ሴት!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«እግሬ እምቢ አለኝ።»

ወጣቱ ራሱ ወጥቶ እንደዚያ ሆነው አገኛቸው። ከዚያ ግንበኛውን አብሯት ደግፎ አስተኛና ትራሱን አስተካከለለት። ታች ሲወርዱ ከቦርሳው አንድ ወረቀት አወጣ። ጥቂት መስመር ብቻ ናት፦ በአደጋ ጊዜ ቀድሜ እወጣለሁ፣ እንግዶቼን እቆጥራለሁ፣ ማንንም ለማውጣት ተመልሼ አልገባም።

«ይፈርሙና ይለቅልን» አላት ቀስ ብሎ። «የዛሬውን እንደገና እንለማመዳለን። ወረቀት ነው እትዬ። እኔም ከበላዬ ሰው አለብኝ።»

ብዕሩን ያዘች። ወረቀቱን እንደገና አነበበች። ፊርማዋ ረጅም አይደለም፤ እጇን አንዴ ብታንቀሳቅሰው ያልቃል። የማረፊያው በር ክፍት ይሆናል፣ የባሏ መድኃኒት ይገዛል፣ መስኮቱም ይቀርለታል። እንግዶቿስ? እናትና ልጅ ግቢው ውስጥ ቆመው ያዩዋታል። ልጅቷ አንገቷ ላይ የሐኪም ቤት ፋሻ አላት። አንድ ቀን እሳት ቢነሣ እነዚህን ማን ይቆጥራል? እኔ እቆጥራለሁ ብላ መጻፏ ነው። ያን ጊዜ ግን የት እንደምትሆን ዛሬ በዓይኗ አይታዋለች።

«ልጄ» አለችው ብዕሩን እየመለሰች፣ «ውሸት ነዋ።»

ተቆጣጣሪው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። አሥር ቀን ሰጣት። ወይ ትፈርማለች፣ ወይ በሽተኛው ወደ ታች ይወርዳል፣ ወይ እንግዳ መቀበል ታቆማለች።

አሥሩ ቀን እንዴት እንዳለፈ እሷም አታውቀው። ሁለተኛ ደረጃ ከውጭ ይሠራልኝ እንደሆን ብላ ብረት ሠሪ አመጣች፤ በሜትር ለካና «ጎረቤትሽ ግንቡን ካላፈረሰ ደረጃው በአየር ነው የሚቆመው» አላት። ጎረቤቱን ለመነች፤ ደግ ሰው ነው፣ አዘነላት፣ ግንቡ ግን የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ነው። አልጋ አንጣፊዋን ኃላፊ ሁኚልኝ ብትላት «እትዬ፣ እኔ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤቴ ነኝ። ከዚያ በኋላ ለሚነሣ እሳት ቤቴ ሆኜ ልቁጠር?» አለቻት። ሹፌሩ «እኔ እቆጥርልሻለሁ፣ እግዜር ምስክሬ ነው» ብሎ ደረቱን መታ፤ በማግሥቱ ጭነት ይዞ ሄደ።

ታች ማውረዱንም አሰበችው። የምግብ ክፍሉ የእንግዳ መተላለፊያ ነው። የቀረው ልብስ ማጠቢያው ነው፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው እርጥበት የያዘው፣ መስኮቱ ከሰው ቁመት በላይ ያለ፣ ከመስኮቱም ወዲያ ግንብ። ያን ሰው ከመንገዱ ነጥላ እዚያ ልታስገባው ነው? ጠዋት ጠዋት ተንበርክካ ስትጸልይ ቃል ያጥራት ጀመር። ለባሏ ስትለምን እንግዶቿ ትዝ ይሏታል፤ ለእንግዶቿ ስትለምን ባሏ። መጨረሻ ላይ «አንተ ታውቃለህ» ብላ ትነሣለች፤ ተነሥታም ያው ቁልፌ ናት፣ ያው ደረጃ ነው።

ባሏ ስምንት ቀን ሙሉ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ መንገዱን ሲያይ ሰነበተ፤ ከወትሮው ይልቅ አብዝቶ፣ ዓይኑን ሳይነቅል።

በዘጠነኛው ቀን ቁልፌ ሳሙና ልትገዛ ወጣች። ስትመለስ ከጭነት የተመለሰው ሹፌር ድምፅ ገና መንገድ ላይ ሳለች ከቤት ውስጥ ተሰማት።

«ወደ ኋላ… ወደ ኋላ… ትንሽ ወደ ግራ ስበረው! ቁም!»

መኪና የሚያዞር መስሏት ነበር። ደረጃው ሥር ስትደርስ ባሏን አየችው። ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ወገቡና ደረቱ በራሷ አንሶላ ከወንበሩ ጋር ታስሯል። ሹፌሩ ከታች የወንበሩን እግሮች ይዟል፣ መነጽር ሻጩ ከላይ መደገፊያውን። መታጠፊያው ላይ ቀርቅረዋል፤ ወደ ላይም ወደ ታችም አይሉም።

«ምንድን ነው የምትሠሩት? መልሱት! ኧረ በሕግ መልሱት!»

«እሳቸው ናቸው ያዘዙን» አለ መነጽር ሻጩ እያለከለከ።

ልትወጣ አትችልም፤ ደረጃውን እነሱ ሞልተውታል። ልትጎትተው አትችልም፤ ይወድቃል። የሳሙናውን ከረጢት አቅፋ እዚያው ቆመች። ግንበኛው ከላይ አያት፤ የግማሽ ፊቱን ፈገግታ አሳያት፤ ከዚያ አንድ ነገር አለ።

«ምን አሉ?» አለ ሹፌሩ።

ቁልፌ እንባዋ እየቀደማት ተረጎመችለት። «ይሄን ደረጃ የሠራው ደደብ ማነው ነው የሚለው።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሲስቁ ወንበሩ ጠመም አለና አለፈ። የግንበኛው ክርን ከግድግዳው ጋር ተላልጦ ደም ወጣው። እሷ ማለት የቻለችው «ቀስ» ብቻ ነበር። «ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ»፤ የመጨረሻው ደረጃ ላይ እስኪያሳርፉት ድረስ።

ማጠቢያ ሳፋዎቹ ወደ ውጭ፣ ጥላ ሥር ተሰደዱ። ግድግዳው ኖራ ተቀባ፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ጎማ ያለው አልጋ ገባ። ልምምዱ ሲደገም ቁልፌ አልጋውን እየገፋች በአንዴ ግቢው ውስጥ ደረሰች፤ መዝገቡ ትራስጌው ላይ ነው። ስም ጠራች። ሁሉም አቤት አለ። ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ። ተቆጣጣሪው ፊቱ በራ፤ እሷ በዋና ስሟ ፈረመች፤ እሱም በሁለት እጁ ጨብጧት «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ ዛሬ እኔም ደህና እተኛለሁ» አላት። ከልቡ ነው። ቁልፌም ከልቧ መረቀችው። እሱ ባይመጣ ኖሮ እሳት ማጥፊያው ዛሬም ዳንቴል ለብሶ ተቆልፎበት ነበር፤ ይህን ታውቃለች፤ ያችን የልብስ ማጠቢያ ጓደኛዋን ባሰበች ቁጥር ታመሰግናለች።

አምስተኛው ክፍልም አሁን የእንግዳ ሆኗል። ትናንት ያደረች አንዲት መንገደኛ ቁልፏን ስትመልስ «እንዴት ያለ መስኮት ነው!» አለች። «ጠዋት ተነሥቼ ሳይ መንገደኛው ሁሉ እጁን ያነሣልኛል። የሰፈራችሁ ሰው እንዴት ደግ ነው!»

«ደግ ነው» አለች ቁልፌ።

ግንበኛው አላማረረም። አንድም ቀን። የሰጠችውን ይበላል፣ የአንሶላውን ጠርዝ በግራ እጁ ይዳብሳል፣ ትይዩውን ግንብ ያያል። መጀመሪያ ሰሞን የግንቡን አሠራር ይተች ነበር፤ ይሄ ድንጋይ ተዛብቷል፣ ይሄኛው ሲሚንቶ በልቷል እያለ። ከዚያ የሚተቸው አለቀ። ማታ እራቱን ስታበላው የሚነግራት ወሬ የለውም። ዝም ብሎ ያላምጣል፤ እሷም ማንኪያውን ይዛ አፉን ታያለች።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ምሳውን ይዛ ስትገባ ግን ዓይኑን ከግንቡ ነቅሎ አያት።

«ማን አለፈ?»

«የት?»

«በመንገዱ። ዛሬ ማን አለፈ?»

ቁልፌ ሳህኑን ይዛ ቆመች። ከጎህ ጀምሮ አራት አልጋ አንጥፋለች፣ አሥራ ሁለት አንሶላ አጥባለች፣ ኮሪደሩን ወልውላለች። በግቢው በር ሦስት ጊዜ ወጥታ ገብታለች። አንድም ሰው አላየችም። ልትዋሽለት ፈለገች፤ ለመዋሸት እንኳ ስማቸውን እንጂ መልካቸውን አታውቅም።

«አላየሁም» አለችው።

ወደ ግንቡ ዞረ።

ሳህኑን አስቀመጠች። በእርጥብ እጇ፣ ሽርጧን እንደታጠቀች ወጥታ መንገዱ ዳር ቆመች። ያ ሁሉ የሚወራለት መንገድ ባዶ ነበር። ካፊያ ይጥላል። ቆመች፤ ፀጉሯ ራሰ፤ ምሳው እየቀዘቀዘ ነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ሰው ጥላ ይዞ ከታች መጣ፣ ባጠገቧ አለፈ፣ ወደ ላይኛው መስኮት ቀና ብሎ አየ፣ ሄደ። ተመልሳ ገባች።

«አንድ ሰውዬ አለፈ» አለችው። «ጥላ ይዟል።»

ዓይኑ ዞረ። «ረጅም ነው?»

«ረጅም ነው።»

«ያነክሳል?»

ቁልፌ አሰበች። ጥላውን አይታለች፤ ፊቱን በግማሽ። «እግሩን አላየሁትም» አለች።

ሳህኑን አንሥታ ወደ ግንበኛው ቀረበች። ከዚያ ለማንኪያው አፉን ከፈተ፤ ጎረሰ፤ አላመጠ፤ ዋጠ።

«ነገ እግሩን እይ» አላት።